አገሩን በአገሬው

በ2010 ዓ.ም. ክረምት ለአንድ ዘመዳችን ተዝካር ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ ተራራ አቅጣጫ ወጣን። የወንድሜ ልጅ ከፊት ተቀምጦ ስልኩን እያየ «በቀኝ ያዝ፣ አሁን በግራ» ይላል። ከከተማው ራቅ እንዳልን ኔትወርኩ ድርግም አለ። እኔም «በቃ፣ እንግዲህ እግዜር ይምራን» አልኩ። ልጁ ሳቀብኝ። «ጋሼ፣ ካርታውን እኮ ማታ ሆቴሉ ዋይፋይ ላይ አውርጄዋለሁ» አለኝ። እውነትም ሰማያዊዋ ነጥብ ከእኛ ጋር ትሄዳለች።

ነገሩ ብዙ ሰው ያደናግራልና ላብራራው። ስልክ የቆመበትን ቦታ ለማወቅ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ከምድር 20 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው የሚዞሩ ሳተላይቶች ሰዓታቸውን በሬዲዮ ሞገድ ይናገራሉ። ስልካችን ቢያንስ የአራቱን ከሰማ ያለበትን ያሰላል። ጂ.ፒ.ኤስ. የሚባለው ይኸው ነው። የአሜሪካ ጦር የሠራው ሲሆን፣ እስከ ሜይ 2000 እ.ኤ.አ. ድረስ ለተራው ሰው የሚደርሰው ምልክት ሆን ተብሎ ይዛባ ነበር። ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ሥዕሉን ለማምጣት ነው። ሥዕሉ ቀድሞ ስልኩ ውስጥ ከተቀመጠ ኔትወርክ ኖረ አልኖረ ለውጥ የለውም።

እንዲህ እየተደነቅን ስንሄድ ነጥቧ ወንዝ ዳር አደረሰችን። ካርታው «ቀጥ ብላችሁ ተሻገሩ» ይላል፤ ውኃው ደግሞ ደፍርሶ ድንጋይ ያንከባልላል። ጋቢያቸውን የተከናነቡ አንድ አዛውንት ከማዶ ሆነው ያዩናል። «ምነው ልጆቼ፣ ይኼ እኮ የበጋ መንገድ ነው! በክረምት ማን በዚህ ይሄዳል? በላይ ዙሩ፣ ድልድይ አለ» ብለው ጮኹልን። ልጁ ስልኩን ደጋግሞ አየው። ስልኩ ላይ መንገዱም ወንዙም አለ። ክረምቱ ግን የለም።

ያን ቀን ስመለስ ያሰብኩት ጎጃምን ካርታ ላይ ለማስፈር ስለደከሙት ሰዎች ነው። ሁሉም እንደኛው አንድ ቦታ ላይ ቆመው አገሬውን ጠይቀዋል።

እ.ኤ.አ. በ1683 የታተመውን የኢትዮጵያ ካርታ ያዘጋጀው ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ እግሩ ኢትዮጵያን አልረገጠም። ስለ አገራችን ብዙውን ያስተማረው ሮም ላይ ያገኘው፣ ኋላም ጀርመን ድረስ የጋበዘው የእኛው አባ ጎርጎርዮስ ነው። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በኖቬምበር 1770 ግሽ ዓባይ ሲደርስ የፀሐይንና የከዋክብትን ከፍታ የሚለካበት ትልቅ መሣሪያ አስይዞ ነበር። ለክቶ ያገኘው ኬክሮስ ዛሬ ስልክ ከሚሰጠው ብዙም አይርቅም። ግን ምንጩ ድረስ የወሰደው መሣሪያው ሳይሆን የዳሞቱ ገዢ ፋሲል የሰጠው ወልዶ የሚባል መንገድ መሪ ነው። መሣሪያው የነገረው ከደረሰ በኋላ የት እንዳለ ነው።

ከዚያ በኋላ 150 ዓመት አልፎም ዓባይ ጎጃምን የሚዞርበት ሸለቆ ካርታ ላይ በነጠብጣብ መስመር ነበር የሚሳለው። ምክንያቱም አካሄዱን በቅጡ ለክቶ ያሰፈረው አልነበረም። ይህን ክፍተት ለመሙላት የተነሣው ከ1925 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዳንግላ ላይ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሜጀር ቺዝማን ነው። በበቅሎና በእግር ሸለቆውን እየተከተለ፣ መሻገሪያውን ከገበሬው እየጠየቀ ነጠብጣቡን መስመር አደረገው። መጽሐፉ በ1936 እ.ኤ.አ. ታተመ። እንግዲህ ለአውሮፓ ነጠብጣብ የነበረው ለዓባይ ዳር ገበሬ የቆላ ማሳው ነበር ማለት ነው።

ዛሬ ካርታ መሥራት የቆንስል ሥራ መሆኑ ቀርቷል። ኦፕን ስትሪት ማፕ የሚባለው ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማንም እየገባ የሚያርመው የዓለም ካርታ ነው። ያለ ኢንተርኔት ከሚሠሩት የስልክ ካርታዎች ብዙዎቹ ሥዕላቸውን የሚወስዱት ከእሱ ነው። ስለዚህ ካርታው የሚያውቀው አንድ ሰው ቁጭ ብሎ የጻፈለትን ያህል ነው። ያልተጻፈለት ቀበሌ ባዶ ሜዳ ሆኖ ይታያል።

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ግጭቱ ሲበረታ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። መቋረጡም ለወራት ዘለቀ። ሳተላይቱን ግን የሚዘጋው አልነበረምና፣ ካርታ ቀድሞ ያወረደ ሰው ስልኩ መንገዱን ያሳየው ነበር። ችግሩ መንገዱ የት ላይ እንዳለ አልነበረም፤ ዛሬ ያሳልፋል ወይ ነበር። ይህን የሚያውቀው ደግሞ በዚያ በኩል የመጣ ሰው ብቻ ነው። «መንገዱ እንዴት ነው?» የሚለው የጥንት ጥያቄ የሰው ሕይወት የሚያድን ጥያቄ ሆነ።

ካርታ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ከቤት ሳትወጡ አውርዱት፤ ባትሪም ያዙ። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የበጋውን መንገድ ከክረምቱ፣ የበቅሎውን ከመኪናው የሚለዩልን፣ ደብረ ማርቆስን እንኳ መንቆረር ሲሏት ሰምተው ያደጉ አዛውንት እያለፉ ነው። ወጣቱ ስልኩን አምኖ እነሱን መጠየቅ ሲተው፣ ስልኩ ደግሞ እነሱ የሚያውቁትን ሳይይዝ ሲቀር፣ ሁለቱንም እናጣለን። አበው «አገሩን በአገሬው፣ ሰርዶውን በበሬው» ያሉት ለዚህ ነው።

የዚያን ዕለት በድልድዩ ዞረን ማዶ ስንደርስ የወንድሜ ልጅ መኪናውን አስቆመና ወረደ። አዛውንቱን እጅ ነስቶ «አባባ፣ የዚህ መሻገሪያ ስሙ ማን ይባላል?» አላቸው። እሳቸው ነገሩት፤ እሱም ስልኩ ላይ ጻፈው። ከሥሩም «በክረምት አያሻግርም» የሚል ጨመረበት። ማታ ደብረ ማርቆስ ገብተን ኔትወርኩ ሲመለስ ላከው።