የመበየጃ ጫፍና መሣሪያዎች አመራረጥ ለጀማሪ የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኞች

ከዋናው የኤሌክትሪክ መስመር ርቀው ለሚኖሩ የገጠር ቤተሰቦች የፀሐይ ኃይል መብራትና ራዲዮ የዕለት ተዕለት መገልገያዎች ናቸው። ከሚያጋጥሟቸው ብልሽቶች መካከል የተነቀለ ሽቦ፣ የላላ የቻርጀር መሰኪያና የተሰነጠቀ ብየዳ ይገኙበታል። እነዚህ በደቂቃዎች ሊጠገኑ የሚችሉ ቢሆኑም ባልተስማማ መሣሪያ ሲነኩ ቦርዱ ተቃጥሎ ዕቃው ለመጣል ይዳረጋል። በመሆኑም ጥገናን በትርፍ ጊዜያቸው ለሚለማመዱ ወጣቶች የመበየጃ፣ በተለይም የጫፉ ምርጫ ትኩረት ይሻል።

የጫፉ ቅርጽ

ሥራው ጥቃቅን በመሆኑ በርካታ ጀማሪዎች እንደ መርፌ የሾለ ጫፍ ይመርጣሉ። ይሁን እንጂ የሾለ ጫፍ ከሚበየደው አካል ጋር የሚገናኘው በጠባብ ነጥብ ብቻ ስለሆነ ሙቀትን በዝግታ ያስተላልፋል። ሊዱ አልቀልጥ ሲል ጠጋኙ ሙቀቱን ይጨምራል ወይም ጫፉን ለረጅም ጊዜ ተጭኖ ይይዛል፤ በዚህ ጊዜ ስሱ የመዳብ መስመር ከቦርዱ ይላቀቃል።

ለአብዛኛው ሥራ የሚመከረው እንደ መሮ ጠፍጣፋ የሆነና ከ1.6 እስከ 2.4 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጫፍ ነው። መመሪያው ቀላል ነው፤ የጫፉ ስፋት ከሚበየደው የመዳብ ነጥብ ስፋት ጋር ይቀራረብ፣ ነገር ግን አይብለጠው። በሰያፍ የተቆረጠ ጫፍ ለወፍራም ሽቦ፣ የቢላ ቅርጽ ያለው ደግሞ ተደርድረው ለተጠጋጉ እግሮች ይስማማል። የሾለው ጫፍ ሌላው በማይደርስበት ጠባብ ቦታ ብቻ ያገለግላል።

ዋትና የኃይል ምንጭ

ዋት የሙቀት ደረጃ መለኪያ አይደለም፤ ጫፉ ለሥራው ያስረከበውን ሙቀት ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚተካ የሚወስን ነው። ለመለማመድ ከ25 እስከ 40 ዋት ያለው ተራ መበየጃ ይበቃል። አቅም ለፈቀደለት ግን ሙቀት መቆጣጠሪያ ያለው የ60 ዋት መበየጃ የተሻለ ነው።

መብራት በሌለበት አካባቢ በ12 ቮልት ባትሪ የሚሠሩ መበየጃዎች አማራጭ ይሆናሉ። ሲገዙ የተሠሩበትን ቮልቴጅ ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ለ24 ቮልት የተሠራ ማሞቂያ በ12 ቮልት ሲሠራ ኃይሉ ወደ ሩብ ገደማ ይወርዳል።

ሊድና ፍላክስ

63 በመቶ ቆርቆሮና 37 በመቶ እርሳስ የያዘው ሊድ በ183 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ ለዚህም ጫፉን ከ320 እስከ 350 ዲግሪ ማሞቅ በቂ ነው። እርሳስ የሌለበትና ከቆርቆሮና ከጥቂት መዳብ የተሠራው ዓይነት በ227 ዲግሪ ስለሚቀልጥ ከ350 እስከ 380 ዲግሪ ይፈልጋል። ለጀማሪ የመጀመሪያው ይቀልላል፤ ጥንቃቄው ግን ከፍ ያለ ነው። ለቧንቧ ሥራ የሚውል አሲድ ያለበት ፍላክስ ሽቦንና ቦርድን ስለሚበላ ለኤሌክትሮኒክስ ጨርሶ አይውልም።

የጫፍ እንክብካቤ

የጥሩ ጫፍ ውስጡ መዳብ፣ ላዩ ስስ የብረት ልባስ ነው። የጠቆረን ጫፍ በሞረድ ወይም በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ልባሱን ያነሳዋል፤ ከዚያ በኋላ የቀለጠው ሊድ መዳቡን በፍጥነት ይቦረቡረዋል። ጫፉ በእርጥብ ስፖንጅ ወይም በነሐስ ሽቦ ጭራሮ ይጸዳል፤ ከመጥፋቱ በፊትም አዲስ ሊድ ይቀባል። መበየጃ ከመግዛት አስቀድሞ መለዋወጫ ጫፉ በአቅራቢያው ገበያ መኖሩንና ውፍረቱ ከማሞቂያው ጋር መግጠሙን ማየት ብልህነት ነው።

ከመበየጃው ጋር ማስቀመጫ፣ ሊድ መምጠጫ፣ ወረንጦ፣ ሽቦ መቁረጫና መልቲሜትር ቢሟሉ አብዛኛውን ቀላል ጥገና ማከናወን ይቻላል።

ጥንቃቄ

ከብየዳ በፊት የዕቃው ባትሪ መለያየት አለበት። የሊቲየም ባትሪን አካል በቀጥታ መበየድ እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል መደረግ የለበትም። የፍላክስ ጭስ የመተንፈሻ አካልን ስለሚያውክ ሥራው አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ይከናወን። እርሳስ በዋናነት ወደ ሰውነት የሚገባው ከእጅ ወደ አፍ በመሆኑ በሥራ ላይ አለመብላት፣ ሲጨርሱም እጅን በሳሙና መታጠብ ይገባል። የእርሳስ ጉዳት በሕፃናት ላይ ስለሚበረታ የሥራው ጠረጴዛ ከእነርሱ መራቅ ይኖርበታል።

በትክክለኛ ጫፍ አንድ ነጥብ ለመበየድ ከሁለት እስከ ሦስት ሰከንድ ይበቃል። ጥሩ ብየዳ ለስላሳ ሆኖ እግሩንም መዳቡንም ያቅፋል፤ እንደ ኳስ የተድበለበለ ከሆነ ሙቀቱ ለሁለቱም በእኩል አልደረሰም። ጀማሪዎች የሰው ንብረት ከመንካታቸው በፊት በተጣለ ቦርድ ላይ ነቅሎ መልሶ መበየድን ቢለማመዱ ብዙ ዕቃ ከጥፋት ይተርፋል።