አዛዥ የሌለው ምት

ከደረት ወጥቶ ከነርቮቹ የተለየ የእንቁራሪት ልብ ተስማሚ ጨዋማ ውሃ ውስጥ ቢቀመጥ መምታቱን ይቀጥላል። ምቱ ከነርቭ ይመጣል ወይስ ከራሱ ከጡንቻው? የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሐኪሞች በዚህ ሁለት ወገን ሆነው ተከራክረዋል። በካምብሪጅ ዋልተር ጋስኬል የኤሊን ልብ በየክፍሉ እየመረመረ ሚዛኑን ወደ ጡንቻው አጋደለው። ጡንቻው ግን ምቱን ከምን ያመነጨዋል?

የመጀመሪያው ፍንጭ የተገኘው ከለንደን የቧንቧ ውሃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1882 ሲድኒ ሪንገር የተባለ ሐኪም የእንቁራሪት ልብ በጨው ውሃ በደንብ እንደሚመታ ጽፎ አሳተመ። በኋላ ጨው የተበጠበጠበት ውሃ የተጣራ ሳይሆን የቧንቧ እንደነበር ደረሰበት። በተጣራ ውሃ ደግሞ ሲሞክረው ልቡ እየደከመ ሄዶ ቆመ፤ ጥቂት ካልሲየም ሲጨምርበት እንደገና መታ። ካልሲየሙ ብቻውን ሲሆን ልቡ ተኮማትሮ መላላት ያቅተዋል፤ ፖታሲየም ሲታከልበት ይስተካከላል። ሪንገር በ1883 የቀድሞ ስህተቱን በግልጽ ጽፎ ማረሙን ከግኝቱ አሳንሼ አላየውም። ዛሬ በየሆስፒታሉ ለታማሚ የሚሰቀለው «ሪንገር» ከዚያ ሙከራ የወረደ ነው።

ምቱ የሚነሳበትን ቦታ በ1907 አርተር ኪዝና ተማሪው ማርቲን ፍላክ አሳወቁ፤ በቀኙ የላይኛው የልብ ክፍል ያለች ትንሽ የሴሎች ጥቅል ናት። ፍላክ መጀመሪያ ያያት በፍልፈል ልብ ውስጥ ነበር።

አሠራሩ እስኪገለጥ ግን ግማሽ ክፍለ ዘመን አለፈ። በ1952 አለን ሆጅኪንና አንድሩ ሃክስሊ ሶዲየም ወደ ስኩዊድ ነርቭ የሚገባበትን፣ ፖታሲየም የሚወጣበትን ሥርዓት በሒሳብ ቀመር አሰፈሩ። ዴኒስ ኖብል የተባለ ወጣት ይህን ቀመር ለልብ ሊያውለው ተነሳ። ችግሩ ግልጽ ነበር፦ የነርቭ የኤሌክትሪክ ምልክት በአንድ ሺህኛ ሰከንድ ገደማ ያልቃል፤ የልብ ጡንቻ ምልክት ግን ከ200 እስከ 300 ሺህኛ ሰከንድ ይቆያል። ኖብል መልሱን በሴሉ ሽፋን ላይ ባሉ የፖታሲየም መተላለፊያዎች አገኘው። ልብ ሲነቃ ከፊሎቹ ወዲያው ይዘጋሉ፤ ሌሎቹ ቀስ ብለው ይከፈታሉ፤ ምልክቱም በዚያ መሃል ይረዝማል። የለንደን ዩኒቨርሲቲን ሜርኩሪ ኮምፒውተር ሌሎች በማይፈልጉት የሌሊት ሰዓት እየተጠቀመ አስልቶ ውጤቱን በ1960 በ«ኔቸር» መጽሔት አወጣ። ከሁሉ የሚደንቀኝ ይህ ነው፤ በስሌቱ ውስጥ «ምታ» የሚል ትዕዛዝ የለም። የኤሌክትሪክ ኃይሉ መተላለፊያዎቹን ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ እነሱም መልሰው ኃይሉን ይለውጡታል። ከዚህ መመላለስ ምቱ በራሱ ብቅ አለ።

በ1979 ሂላሪ ብራውን፣ ዳሪዮ ዲፍራንቸስኮና ኖብል በዚያች የሴሎች ጥቅል ውስጥ ሌላ ጉዳይ አሳዩ። አንድ ምት አብቅቶ የሴሉ ኤሌክትሪክ ሲወርድ የሚከፈት፣ ሶዲየም እያስገባ ሴሉን ለቀጣዩ ምት የሚያነሳሳ መተላለፊያ አለ። አድሬናሊን ሲጨምር መተላለፊያው በቀላሉ ይከፈታል፤ ስንደነግጥ ልባችን የሚፈጥነው በከፊል ለዚህ ነው። ኢቫብራዲን የተባለው መድኃኒት ይህንኑ መተላለፊያ ሲዘጋ ልብ ይዘገያል እንጂ አይቆምም፤ ካልሲየምና ሌሎቹም ድርሻ አላቸውና።

ይሁን እንጂ አንዱ ሲጎድል ሁልጊዜ ሌላው አይሸፍንም። በ1957 አንቶን ዬርቬልና ፍሬድ ላንገ-ኒልሰን ስለ አንድ የኖርዌይ ቤተሰብ ጻፉ። ከስድስት ልጆች አራቱ ከልደት ጀምሮ መስማት የተሳናቸው ነበሩ፤ ራሳቸውን እየሳቱ ይወድቁ ነበር፤ ሦስቱ በድንገት ሞቱ። ለወላጆቹ መልስ የሚሰጥ ሳይንስ ገና አልነበረም። ዘረ መሉ በ1990ዎቹ ሲለይ የጉድለቱ መነሻ አንድ የልብ የፖታሲየም መተላለፊያ ሆኖ ተገኘ፤ ያው መተላለፊያ በውስጠኛው ጆሮም ይሠራል።

በ1995 ደግሞ ሄርግ የሚባል ሌላ የፖታሲየም መተላለፊያ ከተመሳሳይ የልብ ሕመም ጋር ተያያዘ። ለአለርጂ በሰፊው ይታዘዝ የነበረው ተርፈናዲን ልብን ለአደጋ ያጋልጥ የነበረው ሄርግን በመዝጋት መሆኑ ታወቀ፤ በአሥርተ ዓመቱ መጨረሻም ከአሜሪካ ገበያ ወጣ። አሁን የአዲስ መድኃኒት ሠሪዎች ሰው ላይ ከመሞከራቸው በፊት ውህዳቸው ሄርግን ይዘጋ እንደሆነ ይፈትሻሉ።