ለቪዲዮ ጌም ብቻ የተሠሩ መሣሪያዎች ዕጣ ፈንታ

በተለምዶ ኮንሶል የሚባሉት፣ ለቪዲዮ ጌም ብቻ ተብለው የሚሠሩ መሣሪያዎች ከቴሌቪዥን ጋር ተገናኝተው ወይም በእጅ ተይዘው የሚያገለግሉ ኮምፒዩተሮች ናቸው። ከሌላው ኮምፒዩተር የሚለያቸው አምራቹ ድርጅት መሣሪያውንም፣ በመሣሪያው ላይ ጨዋታ የማቅረብ ፈቃድንም በአንድ ላይ መያዙ ነው። የመጀመሪያው የቤት ውስጥ ኮንሶል ማግናቮክስ ኦዲሲ እ.ኤ.አ በ1972 በአሜሪካ ለገበያ ከቀረበ ወዲህ የዘርፉ ማብቂያ መድረሱ ከአንድ ጊዜ በላይ ተነግሯል። (በዚህ ጽሑፍ የሰፈሩት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አምራቾቹ ብዙውን ጊዜ መሣሪያውን በአነስተኛ ትርፍ፣ አንዳንዴም በኪሳራ ይሸጣሉ። ትርፋቸውን የሚያገኙት በዋነኛነት ከጨዋታዎች ሽያጭና ሌሎች አዘጋጆች ከሚከፍሏቸው ድርሻ ነው። በመሆኑም የመሣሪያው ገዥ ሲያንስ የጨዋታ አዘጋጆች ይሸሻሉ፤ ጨዋታ ሲያንስ ደግሞ ገዥው ይበልጥ ይርቃል። የጃፓኑ ሴጋ በ2001 ድሪምካስት የተሰኘውን መሣሪያ ማምረት አቁሞ ለቀድሞ ተፎካካሪዎቹ መሣሪያዎች ጨዋታ ወደ ማዘጋጀት የተሸጋገረው በዚሁ አዙሪት ውስጥ ገብቶ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ፈተና ግን ከሌላ ኮንሶል ሳይሆን ከተንቀሳቃሽ ስልክ ነበር። አፕል በ2008 የስልክ ፕሮግራሞች መደብሩን ከከፈተ በኋላ ጨዋታ በነፃ ወይም እጅግ በዝቅተኛ ዋጋ ማግኘት ተቻለ። ዋና መሥሪያ ቤቱ በኪዮቶ የሚገኘው ኒንቴንዶ ጉዳቱን በቅድሚያ ከቀመሱት አንዱ ነው። ድርጅቱ በ2011 ስሪ ዲኤስ የተባለውን የእጅ መሣሪያ በጃፓን በ25 ሺህ የን ለገበያ ቢያቀርብም ስድስት ወር ሳይሞላ ዋጋውን ወደ 15 ሺህ የን ለማውረድ ተገዷል። የወቅቱ ፕሬዚዳንት ሳቶሩ ኢዋታም ደመወዛቸውን በግማሽ ቀንሰዋል። በ2012 የወጣው ዊ ዩ ደግሞ ከዚህ የባሰ ዕጣ ገጠመው፤ ከ100 ሚሊዮን በላይ የተሸጠውን ዊ ተክቶ የመጣው ይህ መሣሪያ ከ14 ሚሊዮን ያነሰ ገዥ ብቻ አግኝቷል።

በዚያን ጊዜ ኒንቴንዶ መሣሪያ መሥራቱን ትቶ ለስልክ ጨዋታ እንዲያዘጋጅ በርካታ የገበያ ተንታኞች ሲወተውቱ ቆይተዋል። ኢዋታ በ2015 ዲ ኤን ኤ ከተባለው ኩባንያ ጋር ለስልክ ጨዋታ ለማዘጋጀት መስማማታቸውን ሲያስታውቁ፣ በዚያው መግለጫ አዲስ ኮንሶል በመሠራት ላይ መሆኑንም ገልጸዋል። ውጤቱን ግን ሳያዩ በዚያው ዓመት አርፈዋል። በ2017 ስዊች በሚል ስም የወጣው ይህ መሣሪያ በቤት ከቴሌቪዥን ጋር፣ ከቤት ውጭ ደግሞ በእጅ የሚያገለግል ሲሆን ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል። ለስኬቱ ዐቢይ ምክንያት የሚመስለው ቀድሞ ለቤትና ለእጅ መሣሪያ ተከፍሎ የነበረው የዝግጅት አቅም በአንድ መሣሪያ ላይ መዋሉ ነው። ተተኪው ስዊች 2 በ2025 በወጣ በአራት ቀናት ውስጥ ከ3 ነጥብ 5 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል።

መሣሪያ ሳያስፈልግ ጨዋታን ከሩቅ ኮምፒዩተር በኢንተርኔት ለማቅረብ የተደረገው ሙከራ እስካሁን የተጠበቀውን ያህል አልሰመረም። ተጫዋቹ ቁልፍ ከተጫነበት ቅጽበት አንስቶ ምስሉ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ የመስመሩ ጥራት እስረኛ ነው። ጉግል በ2019 የጀመረውን ስታዲያ በ2023 ዘግቶ ለደንበኞቹ የጨዋታ ግዢ ገንዘባቸውን መልሷል።

ይልቁንም ትኩረት የሚሻው ለውጥ ካሴትና ዲስክ ቀርቶ ጨዋታ በቀጥታ ከመደብር የሚወርድ መሆኑ ነው። በአገራችን ከተሞች በየሰፈሩ የሚታዩት የፕሌይስቴሽን ቤቶች ያገለገለ መሣሪያ ገዝተው ያለ ኢንተርኔት ሊሠሩ የሚችሉት ጨዋታው በእጅ ያለ ንብረት ሲሆን ነው። ከመደብር የሚወርድ ጨዋታ ግን በሕግ ዓይን ንብረት ሳይሆን የመጠቀም ፈቃድ ሲሆን፣ ሻጮች ይህንኑ ለገዥ በግልጽ እንዲያሳውቁ የሚያስገድደው የካሊፎርኒያ ሕግ ከ2025 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። ኒንቴንዶ በ2023 የስሪ ዲኤስንና የዊ ዩን መደብሮች ለአዲስ ግዢ በመዝጋቱ በዲስክ ወይም በካሴት ያልታተሙ በርካታ ሥራዎች በሕጋዊ መንገድ የሚገዙበት ሥፍራ አጥተዋል።

የአሜሪካው የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን በዚያው ዓመት ይፋ ባደረገው ጥናት፣ ከ2010 በፊት በአሜሪካ ከወጡ ጨዋታዎች 87 በመቶው በገበያ ላይ አይገኙም። ቤተ መጻሕፍትና መዛግብት ቤቶች እነዚህን ሥራዎች ለተመራማሪዎች ከርቀት እንዲያቀርቡ ይፈቀድ ዘንድ የቀረበውን ጥያቄ ግን የአሜሪካ የቅጂ መብት ጽሕፈት ቤት በ2024 ሳይቀበለው ቀርቷል።