ከማደንዘዣ መርፌ በፊት የሚወሰድ የጥርስ ሕመም ማስታገሻ

ውስጡ በብግነት የተያዘ ጥርስ ሊታከም ሲል፣ ከማደንዘዣው መርፌ አንድ ሰዓት ገደማ ቀደም ብሎ የሚዋጥ መድኃኒት ነው። በብዛት የተጠናው ኢቡፕሮፌን ሲሆን፣ ለአዋቂ 400 ወይም 600 ሚሊ ግራም ይሰጣል። ዳይክሎፌናክና ዴክሳሜታዞንም ለዚሁ ያገለግላሉ።

እንዲህ ባለ ጥርስ ላይ ማደንዘዣው ብዙ ጊዜ በደንብ አይሠራም፤ ችግሩ የሚብሰውም በታችኛው መንጋጋ ጥርስ ላይ ነው። አጥንቱ ጥቅጥቅ ያለ በመሆኑ ሐኪሙ ሊዶካይን የተባለውን ማደንዘዣ ከመንጋጋው ኋላ፣ ዋናው ነርቭ ወደ አጥንቱ በሚገባበት ቦታ ይወጋል። ከንፈር ይደነዝዛል፤ መሰርሰሪያው ጥርሱን ሲነካ ግን በሽተኛው ከወንበሩ ይዘላል። ይህ የሐኪሙ ስንፍና ወይም የበሽተኛው ፍርሃት ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። በብግነቱ የሚመነጩት ፕሮስታግላንዲን የተባሉ ኬሚካሎች ነርቩን በትንሽ ንክኪ እንዲቀሰቀስ ያደርጉታል፤ ሊዶካይን በቀላሉ የማይዘጋቸው የሶዲየም መተላለፊያዎችም ይበዛሉ። ኢቡፕሮፌን የፕሮስታግላንዲንን መመረት ስለሚገታ መርፌው የተሻለ ዕድል ያገኛል። ዕድሉን ይጨምራል እንጂ ዋስትና አይሰጥም፤ ካልበቃ በጥርሱ ዙሪያ ተጨማሪ ማደንዘዣ ይወጋል።

በምዕራብ አዲስ አበባ በኮልፌ ቀራንዮ፣ በአየር ጤናም ሆነ በቤቴል፣ ጥርሱ ሲጠዘጥዘው ያደረ ሰው ቅርንፉድ ነክሶ ወይም ከመድኃኒት ቤት ዳይክሎፌናክ ገዝቶ ውጦ ወደ ክሊኒክ ቢመጣ የሚያስገርም አይደለም። ማስታገሻው ለመርፌው ቢጠቅምም የታመመውን ጥርስ ለመለየት የሚደረገውን የቅዝቃዜና ጥርሱን መታ መታ የማድረግ ምርመራ ሊያደበዝዝ ይችላል። ሐኪሙ ሳያውቅ ሌላ ክኒን ቢጨምር ደግሞ መጠኑ ይደረባል። አንቲባዮቲኩ አሞክሳሲሊን የጥርስ ነርቭ ብግነትን ሕመም አያስታግስም፤ አስፕሪን ድድ ላይ መለጠፍም ሥጋውን ያቃጥላል።

የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት፣ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ፣ አስፕሪን አስሙን የሚቀሰቅስበት ሰው፣ እንዲሁም ነፍሰ ጡር በተለይ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ፣ ኢቡፕሮፌንንም ሆነ ዳይክሎፌናክን በራሳቸው ውሳኔ መዋጥ የለባቸውም። ለእነርሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰበው ፓራሲታሞል ነው፤ ማደንዘዣውን በማገዝ ረገድ ግን ያለው ማስረጃ ደከም ያለ ነው።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ወንበሩ ላይ ከመቀመጥዎ በፊት ምን መድኃኒት፣ ስንት ሚሊ ግራም፣ በስንት ሰዓት እንደዋጡ ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ ማሸጊያውን ይዘው ቢሄዱ ደግሞ የበለጠ ይረዳል።