ማሰላሰልና መለማመድ፤ የአንድ ግሥ ታሪክ ለመምህራን ያለው ቁም ነገር

ከላቲን የተወለዱት ቋንቋዎች «አሰላሰለ» ለሚለው ግሥ የሚጠቀሙበት ቃል አንድ ነው። ጣሊያንኛ «ሜዲታሬ»፣ እስፓንኛና ፖርቱጋልኛ «ሜዲታር»፣ ፈረንሳይኛ «ሜዲቴ»፣ ሩማንኛ «ሜዲታ» ይላሉ። ቃሉ ዛሬ በአመዛኙ የሚያመለክተው ሰው ለብቻው ሆኖ በጸጥታ ማሰቡን ነው። ጥንተ ታሪኩ ሲመረመር ግን ማሰላሰል በአፍና በእጅ ጭምር የሚሠራ ተግባር እንደነበረ ይገለጻል።

በጥንታዊው ላቲን «ሜዲታሪ» ማሰብንም መለማመድንም ያጠቃልል ነበር። ቨርጂል በመጀመሪያው የእረኞች ግጥሙ ይህን ግሥ ያዋለው በመቃ ዋሽንት ዜማ ለሚለማመድ እረኛ ነው። ንግግሩን የሚያጠና ተናጋሪና የጦር መሣሪያ የሚለማመድ ወታደርም በዚሁ ቃል ይገለጹ ነበር።

በ4ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጄሮም ያዘጋጀው የላቲን መዝሙረ ዳዊት ገና በመጀመሪያው መዝሙር ሕጉን ቀንና ሌሊት ስለሚያስብ ሰው ሲናገር ይህንኑ ግሥ ይጠቀማል። በዕብራይስጡ በዚያ ስፍራ ያለው «ሀጋህ» ማነብነብን የሚያሰማ ሲሆን፣ በትንቢተ ኢሳይያስ ለአንበሳ ጉርምርምታና ለርግብ ማልጎምጎም ተነግሯል። የግዕዙ መዝሙር ደግሞ «ያነብብ» ይላል። አማርኛም «ዳዊት ደገመ» ሲል ጸሎትንና መደጋገምን በአንድ ቃል ያስተባብራል።

ይህ ልማድ በምዕራብ አውሮፓ ገዳማት ሥር ሰደደ። በ6ኛው መቶ ዓመት የተጻፈው የቤኔዲክቶስ ሥርዓት መዝሙር ለማጥናት የተመደበውን ጊዜ በዚሁ ቃል ይጠራዋል፤ በዕረፍት ሰዓት ለብቻው የሚያነብ መነኩሴም ሌላውን እንዳያውክ ያዛል። ንባብ ድምፅ እንደነበረው ከዚህ ይታያል። በ12ኛው መቶ ዓመት ዳግማዊ ጊጎ ማሰላሰልን ከንባብ ቀጥሎ፣ ከጸሎት በፊት የሚመጣ ደረጃ አደረገው። ዴካርት በ1641 እ.ኤ.አ. «ሜዲታሲዮኔስ» የተሰኘውን የፍልስፍና መጽሐፉን ሲያሳትም ግን ቃሉ መጻሕፍትን ወደ ጎን ትቶ ከራሱ አእምሮ ጋር ለሚመክር ሰው ዋለ።

የፈረንሳይኛው ቅርጽ ቃሉ ከመጻሕፍት እንደተወሰደ ይመሰክራል። በሕዝብ አንደበት የወረዱ ቃላት በሁለት አናባቢዎች መካከል የነበረውን የ«ድ» ድምፅ ጥለዋል፤ ለአብነት «ሱዳሬ» (አላበ) «ሱዌ» ሆኗል። «ሜዲቴ» ግን «ድ»ን እንደያዘ ቀርቷል። በአንጻሩ «መዘነ» ማለት ከነበረው «ፔንሳሬ» ሁለት ግሦች ወጥተዋል፤ በእስፓንኛ «ፔሳር» መመዘን፣ «ፔንሳር» ማሰብ ነው። የአማርኛው «አመዛዘነ» በዚሁ መንገድ የተጓዘ ነው።

ለመምህራን ይበልጥ የሚጠቅመው ምሳሌ የሩማንኛው ነው። በዚያ ቋንቋ «ሜዲታ» ከማሰላሰል ሌላ ተማሪን ለብቻው ማስጠናት ማለት ሲሆን፣ አስጠኚው «ሜዲታቶር» ይባላል። ስለዚህ ቃሉ ከጥናት ጋር ያለው ዝምድና ጨርሶ አልተበጠሰም።

በትምህርት ክርክር ሽምደዳና ማስተዋል እንደ ሁለት ተቃራኒ ወገኖች ሲቀርቡ ይሰማል። የግሡ ታሪክ ግን ሁለቱ በአንድ ቃል፣ በአንድ ሥራ ውስጥ አብረው እንደኖሩ ያስረዳል። ማስተዋል ያልተከተለው ድግግሞሽ ባዶ ድምፅ ሆኖ ይቀራል፤ በቃል የተያዘ ነገር የሌለው ተማሪም የሚያሰላስለው አያገኝም። በመሆኑም የመምህሩ ተግባር አንዱን አንሥቶ ሌላውን መጣል ሳይሆን፣ ተማሪው በአፉ የደገመውን በልቡ እንዲመዝን ጊዜና ጥያቄ መስጠት ነው።