የጀማሪ ብዕርና የአንባቢ ጆሮ በከፋ

በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እየሰፋ ሄዶ በ15 ቋንቋዎች ሲያስተምር የከፋና የሞቻ ቋንቋ አንዱ ነበር፤ የሚጻፈውም በግዕዝ ፊደል ነበር። ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ግን ካፊ ኖኖ የላቲንን ፊደል ይዞ ትምህርት ቤት ገባ። በቦንጋና በአካባቢዋ የጀማሪዎችን ግጥምና ልብ ወለድ አንብቦ አስተያየት የመስጠት ጉዳይ ከዚህ ታሪክ ተነጥሎ ሊታይ አይገባውም። በዘመቻው ፊደል የቆጠሩ አያት የልጅ ልጃቸው በቋንቋቸው የገጠመውን ለማወቅ አንባቢ መለመን ግድ ይሆንባቸዋል፤ ስንኙን ከማናችንም ይልቅ ሊመዝኑ የሚችሉት ግን፣ እንደ እኔ ግምት፣ እሳቸው ናቸው።

ነገሩ የፊደል ክርክር ብቻ አይደለም። በካፊ ኖኖ የተነባቢ መጥበቅና የአናባቢ መርዘም ፍቺ ይለውጣል። ላቲኑ ሁለቱንም ፊደል በመደጋገም ያሳያል፤ ግዕዙ ማጥበቅን ለአንባቢው ይተዋል። በአማርኛም ቢሆን «ዋና» ሲላላ የውሃ፣ ሲጠብቅ የበላይ ነው። እንግዲህ ዓይኑን ብቻ ተማምኖ «ይህ ስንኝ አነከሰ» የሚል ሐያሲ፣ ያነከሰው የራሱ ንባብ እንዳይሆን ምን ዋስትና አለው?

የቅኔ መምህራን በዚህ ረገድ ይበልጡናል። ተማሪው ቀን የቆጠረውን ቅኔ በቃሉ ይነግራቸዋል፤ እነሱም ሰምተው ያርሙለታል (ቁጣው ሳይቀር!)። ባልደረቦቻችንም ቀይ ብዕር ከማንሣታቸው በፊት ጸሐፊው ሥራውን ራሱ ያንብብላቸው፤ ቦንጋ ላይ ሲሆን ደግሞ እኒያ አያት ከንባቡ ሸንጎ አይጉደሉ።