እንቁጣጣሽ በሒሳብ ክፍል

አዲስ አበባ፣ ገርጂ ውስጥ ሒሳብ አስተምራለሁ። መስከረም ላይ ማካፈልን የምከልሰው በባሕረ ሐሳብ፣ በቤተ ክርስቲያን የዘመን ቀመር፣ ነው። ልጆቹ ለምሳሌ በ2018 ዓ.ም. ላይ 5500 ደምረው 7518 ያገኛሉ፤ ለ4 ሲያካፍሉት 1879 ደርሶ 2 ይተርፋል፤ ዘመኑ ማርቆስ ነው። 7518ና 1879 ተደምረው ለ7 ሲካፈሉ 3 ይተርፋል፤ እንቁጣጣሽ ሐሙስ ይውላል። ቤተ ክርስቲያን ቀመሩን የሠራው የእስክንድርያው ድሜጥሮስ ነው ትላለች። ምኒልክ ትምህርት ቤት ከመከፈቱ በፊትም የቆሎ ተማሪ ከመምህሩ እግር ሥር ቁጭ ብሎ ይማረው ነበር።

በዓሉ ራሱም ያስተምራል። ሴቶቹ አበባየሆሽ ሲጨፍሩ አውጪና ተቀባይ ሆነው ዜማ ይለማመዳሉ። ወንዶቹ አበባና መልአክ ሥለው፣ ቀለም ቀብተው ለጎረቤት ያበረክታሉ፤ ያገኙትን ሳንቲም ቆጥረው ይካፈላሉ። ገርጂ፣ ሰሚትና አያት የእርሻ ማሳ ሳሉ አደይ ከሜዳ ይለቀም ነበር። ዛሬ ከመንገድ ዳር በእስር ይገዛል፤ እኔም ዋጋውን ለማባዛት ጥያቄ አውለዋለሁ።

ሙስሊም ተማሪዎቼ ደግሞ የሂጅራን አቆጣጠር ያመጣሉ። የጨረቃው ዓመት ከፀሐዩ 11 ቀን ያህል ስለሚያጥር ዒድ በየዓመቱ ቀደም ይላል፤ በስንት ዓመት ዞሮ መስከረም ላይ እንደሚውል ማስላት የቤት ሥራቸው ነው።